ክርስትና ያነሣኸው ልጅ

ውድ አምብሮዝ፣

እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ስምህን የማነሣው ልረግምህ ብቻ ነበር። «አንተ ከሃዲ» ብዬ የጀመርኩልህን ደብዳቤ ሁሉ እሳት በላው። ይህ ክፍል ከእሳት በቀር ምን አለው? መስኮቶቹ በወፍራም የግድግዳ ምንጣፍ ተጋርደዋል፤ የቁልፉ ቀዳዳ እንኳ በጨርቅ ተወትፏል፤ አራስን ብርሃንና ነፋስ ይጎዳታል ተብሎ። ከወለድኩ ጀምሮ መንጋቱን የማውቀው ዶሮ ሲጮኽ ነው። ወንድ የሚባል እዚህ አይገባም፤ ቄሱም ቢሆን። እናም አንተን ልጠይቅህ የነበረውን ሁሉ ግድግዳውን ስጠይቅ ከረምኩ።

ነገ እወጣለሁ። ስወጣ ልንጋባ ነበር ቃላችን። እንደማንጋባ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፣ አገሩም ሰምቷል። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነገር ነበር፦ ሆን ብለህ ነው ወይስ ሳታውቅ? ዛሬ ዐወቅሁት። አንተ ግን የማታውቀው ነገር አለ፤ ነገ በሰው ፊት ከመተያየታችን በፊት እንድታውቀው ብዬ ነው የምጽፈው። አዋላጇ ሲብሊ በቀሚሷ ሸሽጋ ታመጣልሃለች። አትቆጣት፤ የሚበቃትን ያህል አልቅሳለች።

ከመጀመሪያው ልነሣ፤ አለዚያ ንዴቴ ይቀድመኛል።

ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም። ጌታ ፉልክ ስለ አደን ውሾቹ እንጂ ስለ እኔ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም፤ ግን እጁንም አንሥቶብኝ አያውቅም። ያ ሰውን በላብ አጥምቆ በአንድ ቀን የሚገድል በሽታ አገሩን ሲመታ፣ ጠዋት ለአደን ጫማውን እያጠለቀ ነበር፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገነዝነው። ማርገዜን እኔም ያኔ በቅጡ አላወቅሁም ነበር። ከዚያ አንተ፣ የግድቡ ጠባቂ፣ የግድቡን ነገር ልታሳውቅ ትመጣ ጀመር። ሐዘንተኛ ናት ብለህ ከደጃፍ ሳታልፍ፣ ባርኔጣህን በእጅህ እያሻሸህ ስለ ጭቃ ታወራልኝ ነበር። ስለ ጭቃ! የትኛው ጭቃ ውሃ ይይዛል፣ የትኛው ይከዳል። ስለ ጭቃ ይህን ያህል የሚወራ ነገር እንዳለ በሕይወቴ አልጠረጠርኩም። አንተ በቀረህባቸው ሳምንታት ቤቱ ጭር ይልብኝ እንደነበር ነግሬህ አላውቅም፤ አሁን ልንገርህ።

ያን ቀን በሰሜኑ ግድብ ላይ ነፋሱ የራስ መሸፈኛዬን ሲወስደው ውሃው ውስጥ ዘለህ ገብተህ አመጣኸው። እስከ ወገብህ ጭቃ ሆነህ፣ ጥርስህ እየተንገጫገጨ «ፊሊፓ፣ ልጁ ይወለድ፣ አንቺም በሰላም ተነሺ። ከዚያ ፈቃድሽ ከሆነ አገባሻለሁ» አልከኝ።

«እንዲህ ተለውሰህ ነው የምታገባኝ?» ብዬ ሳቅሁብህ።

«እታጠባለሁ» አልክ፤ ኮስተር ብለህ።

እሺ ማለቴ እንደሆነ ገብቶህ ነበር። አማቴም ገብቷታል። እመቤት ሐዊዝ ከላይኛው መስኮት ቆማ ታየን ነበር።

አልተቆጣችኝም፤ እኔን ያዘናጋኝ ይኸው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደግነት በደግነት ሆነች። ትራሴን ታስተካክላለች፣ እግሬን በሞቀ ውሃ ታስጥባለች። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚባለው ለእሷ ነው የተተረተው። ወራቴ ሲቃረብ፣ ይህን ክፍል አዘጋጅታ ካስገባችኝ በኋላ፣ እሳቱ አጠገብ ጥልፏን ይዛ ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፦

«የዚህን ቤት ታሪክ የነገረሽ ሰው አለ?»

«ፉልክ ነግሮኛል» አልኳት። «ቅድመ አያታችሁ ከድል አድራጊው ንጉሥ ጋር ባሕር ተሻግሮ እንደመጣ፣ ከጎኑ እንደተዋጋ...»

«ወጥ ቤት ነበር።»

«ምን?»

«ከንጉሡ ጋር መጥቷል፤ ድስት ተሸክሞ። ይህን ከዚህ ክፍል ውጪ ብታወሪ ምላስሽን ነው የምቆርጠው። የወንዶቹ ታሪክ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ ሲነፋ ያበጠ። የሆልምዊክ ቤት እውነተኛ ታሪክ የመበለቶቹ ታሪክ ነው። እሱን ልንገርሽ።»

ነገረችኝ። የባሏ አያት ማርጀሪ የምትባል ነበረች፤ ባሏ ሲሞትባት ገና ልጅ። ሕጉን አንተም ታውቀዋለህ፤ መበለት በሕይወት እስካለች ከባሏ ርስት ሲሶውን ትበላለች፣ ብታገባም ይዛው ትሄዳለች። ማርጀሪም ወፍጮውን፣ ዓሣ የሚወጣበትን ውሃና ለምለሙን መስክ ይዛ አገባች። ያኛው ሞተ፤ ሌላ አገባች። እሱም ሞተ፤ ደግማ አገባች።

«ሞት ባሎቿን እየለቀመ እሷን ረሳት» አለች ሐዊዝ።

«ጤነኛ ሴት ነበረች ማለት ነው» አልኳት።

«አትሳቂ! እሷ በሰው ቤት የሰባ ዝይ ስትበላ የገዛ የልጅ ልጆቿ እዚህ የገብስ ዳቦ ይቆረጥሙ ነበር። ባሌ ወደ ጦርነት ሲሄድ የራስ ቁር መግዣ አጥቶ ከጎረቤት ተዋሰ። ሰፋው። ውጊያው መካከል ዐይኑ ላይ ወረደበት። የገደለውን ሰው ሳያይ ነው የሞተው። ማርጀሪ ያን ጊዜም አልሞተችም። ለቅሶ መጣች፤ በሐር ላይ ሐር ለብሳ፣ ሙሽራ መስላ።»

ሐዊዝ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተወችው።

«እኔ ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የሚፈልገኝ ሰው ነበረ። ረጅም፣ ጥርሱ ሙሉ፣ ሲስቅ ቤት የሚያሞቅ። እምቢ አልኩት። ልጄን ታቅፌ፣ ሲሶዬን ይዤ እዚሁ ተቀመጥኩ። ያስገደደኝ የለም። አንቺ የሱፍ ነጋዴ ልጅ ነሽ፤ ሲሶ ስንት እንደሚሆን ማስላት አይጠፋሽም። ገባሽ?»

«ገባኝ» አልኩ። አልገባኝም ነበር፤ የአሮጊት ወግ መስሎኝ ነበር። የነገረችኝ የሞቱትን ሰዎች ታሪክ ሳይሆን የእኔን መሆኑን የተረዳሁት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ልጁ የተወለደው ያ ጎርፍ መንገዱን ሁሉ በዋጠበት ሳምንት ነው። ሲብሊ አንሥታ ስታሳየኝ «እንኳን ማርያም ማረችሽ! ይኼስ ልጅ አይደለም፣ ጥጃ ነው!» አለች። እውነቷን ነው። ቀይ፣ ድንቡሽ ያለ፣ በጩኸቱ ጣሪያ የሚያነሣ ልጅ ነበር። ይህን ልብ በል፣ አምብሮዝ። ጡቴን ይዞ አልለቅም ሲል ሲብሊ በጣቷ አፉን ከፍታ ነው ያላቀቀችው።

በማግስቱ ሊያጠምቁት ወሰዱት። እናት እንደማትሄድ ታውቃለህ፤ እኔ ከዚህ አልጋ ሆኜ የሴቶቹን ኮቴ ብቻ ሰማሁ። ክርስትና የሚያነሣው የባሌ አጎት ልጅ ሰር ፒርስ እንዲሆን ገና ሳልወልድ ተወስኗል። ሲመለሱ ሐዊዝ ብቻዋን ገባች። ሐዋርያ የተቀረጸበት የብር ማንኪያ ይዛለች።

«ልጅሽ ክርስቲያን ሆነ። እንደ አባቱ ፉልክ ተብሏል።»

«ተመስገን። ማንኪያው ከሰር ፒርስ ነው?»

«ሰር ፒርስ? የትኛው መንገድ ያምጣው! ጎርፉን አልሰማሽም እንዴ? እንዲያው ደግ ጎረቤት ባይኖረን ምን ይውጠን ነበር።» ማንኪያውን ደረቴ ላይ አኖረችው። «አምብሮዝ ነው ክርስትና ያነሣልሽ። ከእንግዲህ አበልጆች ናችሁ። እግዜር ዝምድናችሁን ይባርክላችሁ።»

ያን ጊዜ ሞቼ ነው ቆሜ አላልኩም፤ የተኛሁ ስለነበርኩ። ጣሪያው ወረደብኝ። አበልጅ! ልጄን ከጥምቀቱ ውሃ ያወጣ ሰው ወንድሜ ማለት አይደለም? አበልጅን ማግባት ወንድምን ማግባት መሆኑን የማያውቅ ሕፃን እንኳ በዚህ አገር አለ? በሮም ያሉት አባት ለነገሥታት ይፈታሉ ይባላል። ለግድብ ጠባቂና ለሱፍ ነጋዴ ልጅ ማን ሮም ድረስ ይሄዳል? ቢኬድስ አቤቱታው የሚያልፈው በእኛ ጳጳስ እጅ ነው፤ ጳጳሱ ደግሞ የሐዊዝ ወንድም ናቸው።

ሐዊዝ ትራሴን አስተካክላልኝ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት ልንገርህ? ብርሃን በሌለበት ክፍል ውስጥ አንድን ነገር ደጋግሞ ሲያስብ ሰው ያብዳል። በወይን የተሠራ አጥሚት ያመጡልኛል፤ እጠጣለሁ። ልጁን ያመጡልኛል፤ አጠባለሁ። ሴቶቹ ይስቃሉ፣ ያማሉ፣ ይተኛሉ። እኔ በአንተ ላይ ስፈርድ አድራለሁ። አላወቀም ይሆን? እላለሁ። ቄሱ በየዓመቱ እየለፈፈው እንዴት አያውቅም? እንግዲያ ቂል ካልሆነ ከሃዲ ነው እላለሁ። መበለቷን ከነአማቷ፣ ከነሰው ልጅ ማግባት ከበደው። እምቢ ለማለት አፈረ። «ክርስትና አነሣሁላት» ብሎ በክብር ሸሸ፤ ማን ይወቅሰዋል? ይህን ባሰብኩ ቁጥር፣ አንድ ቃል እንኳ ያልላከልኝ ለዚህ ነው እያልኩ አለቀስኩ። ሲብሊ ደግሞ የአንተ ስም ሲነሣ ፊቷን ታዞራለች። ታፍርልሃለች ብዬ ነበር።

ዛሬ ጠዋት፣ ነገ ልወጣ ነውና ዕቃዬን ስታስተካክል ማንኪያውን ሰጠኋት።

«ስትወጪ ውሃ ውስጥ ጣዪው» አልኳት።

«ልጄ፣ የክርስትና ስጦታ ነውኮ። ነውር ነው።»

«ነውሩስ የሰጪው ነው። ጣዪው አልኩሽ! የዚያን ፈሪ ማንኪያ ልጄ አይበላበትም።»

ሲብሊ ማንኪያውን እንደያዘች ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። የታመመች መስሎኝ ከአልጋዬ ወረድኩ።

«ኧረ በማርያም! ፈሪስ አትበዪው» አለች። «እኔን ስደቢኝ። እኔን ምቺኝ። እሱን ግን ፈሪ አትበዪው።»

ከዚያ ምስጢሩን ሁሉ አፈሰሰችው። አንተ በዚያ የነበርክ ሰው ያላየኸውን ነው የምነግርህ፤ ስለዚህ ቀስ ብለህ አንብብ።

ሰር ፒርስ በዋዜማው ማታ በጀልባ ደርሶ ነበር፣ አምብሮዝ። አንተ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ስትቆም እሱ እዚሁ ቤታችን ተቀምጦ ጠላ እየጠጣ «መቼ ነው የምንሄደው?» ይል ነበር። «ውሃው ይጉደል» እያለች የያዘችው ሐዊዝ ናት። ጀልበኛውን ወደ ሰር ፒርስ ሳይሆን ወደ አንተ የላከችው ሐዊዝ ናት፤ «ሕፃኑ እየሞተ ነው፣ የሚያነሣው ሰው ጠፋ» ብላ። በአንተ ስም የሰጠችኝ የብር ማንኪያም ሰር ፒርስ ያመጣው ነው። ልጁን ደግሞ በወይን የነከረችውን ጨርቅ ስታጠባው አድራ ነው ወደ ደጅ ያወጣችው። አንተ ያየኸው የተዝለፈለፈ ሕፃን ሰክሮ የተኛ ልጅ ነው። ልጄ ታሞ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ።

ሲብሊ እንደነገረችኝ፣ ካባህን ገልብጠህ ለብሰህ፣ እየሮጥክ ነው የደረስከው። ቄሱ «የክርስትና አባቱ ማነው?» ሲሉ ሐዊዝ ወደ አንተ አመለከተች። አንተ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄድክ።

«እመቤት ሐዊዝ፣ እኔ ልሆን አልችልም።»

«ለምን ልጄ?»

ለምን እንደሆነ እያወቀች! ሴቶቹ ሁሉ እያዩህ። ስሜን በአደባባይ ላለማንሣት አፍህን ዘጋህ። ከዚያ «ሌላ ሰው የለም?» አልክ።

«ውሃውን ታያለህ። በዚህ በኩል ከአንተ በቀር ጨዋ ሰው የለም።»

«ጀልበኛው ያንሣው እንግዲህ።»

«የሆልምዊክን ወራሽ ጀልበኛ? ለነገሩ እሱም ሄዷል። ሌላ የምታመጣ ከሆነ ሂድና አምጣ፤ እኛ እዚሁ በብርዱ እንጠብቅሃለን። እስክትመለስ ልጁ ካለፈ ግን ገነትን ሳያይ ነው የሚቀረው። እናቱ ስትነሣ አንተው ራስህ ትነግራታለህ።»

አንተ ሲብሊን ነው ያየሃት። «እውነት እየሞተ ነው?» አልካት። ሲብሊ የምትኖርበት ቤት የሐዊዝ ነው፤ የምትበላውም የሐዊዝ ነው። ሐዊዝ ከአንተ ትከሻ በላይ እያየቻት ነበር። ሲብሊ ራሷን ነቀነቀች፤ አዎ ብላ። «ያን ጊዜ ፊቱን ባየሽው» አለችኝ። «እንደ ሽማግሌ ሰው ሆነ። ጓንቱን አወለቀና "ስጪኝ" አለኝ።»

ከዚያ የሆነውን ታስታውሳለህ። ልጁ ቀዝቃዛው ውሃ ሲነካው ነቅቶ ጮኸ፤ አንተም ደረትህ ላይ አጥብቀህ ይዘህ «ዳነ! እዩት፣ ውሃው አዳነው!» እያልክ እንባህ ወረደ። ሲብሊ ይህን ስትነግረኝ አላስጨረስኳትም። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ እየጠበቅህ «ልጁ በረታ? ይጠባል?» እያልክ እንደምትጠይቃት፣ እሷም ፈርታ «እየተሻለው ነው» እንደምትልህ ነገረችኝ። ወይ አምብሮዝ! እንደ ጥጃ የሚጠባ ልጅ! አንተ ስትጨነቅለት የከረምክለት ልጅ ሦስት አገጭ አውጥቷል።

ሐዊዝን አስጠራኋት። ነገሩ እንደወጣ ከሲብሊ ፊት ገባት፤ አልካደችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ልጄን በወይን አስክረሽ፣ በጌታ ደጃፍ ዋሽተሽ፣ በቁሜ ቀበርሽኝ!» አልኳት። «አንቺ» ስላት የመጀመሪያዬ ነው።

«ጩኸትሽን ቀንሺ፤ ልጁ ይነቃል።»

«ለጳጳሱ እነግራለሁ። ወንድምሽ ቢሆኑም።»

«ምን ትያቸዋለሽ? ውሃው ውሃ ነው። ቄሱ ቄስ ነው። ያነሣውም ሰው ሰው ነው። የእኔ ውሸት የልጁን ክርስትና ያጠፋዋል? ለእኔ ንስሐ ይሰጡኛል፤ እጾማለሁ። አበልጅነታችሁ ግን አይፈታም።» ከዚያ እጆቿን ወደ እሳቱ ዘረጋች። «እጁን ይዤ አላስገደድኩትም። ዞሮ ቢሄድ ምንም ማድረግ አልችልም ነበር። ይሄዳል ብዬም ፈርቼ ነበር።»

«ለሲሶ መሬት ብለሽ!»

«መሬት አልቀማሽም፤ ሲሶሽ የራስሽ ነው፣ እዚሁ ተቀምጠሽ ብዪው። ያደረግሁት ለዚያ ለተኛው ልጅ ነው፤ ሲያድግ የራሱን የራስ ቁር እንዲገዛ።» ቀና ብላ አየችኝ፤ ዐይኗ ቀልቶ ነበር። «ጥሩ ሰው ነው፣ ፊሊፓ። የእኔኛው እንዲህ ቢሆን ኖሮ እኔም እምቢ ማለት አልችልም ነበር። አዝናለሁ። ግን ነገም ቢሆን ደግሜ አደርገዋለሁ።»

የባሰ አታምጣ ይባላል። ልጠላት ፈልጌ አቃተኝ። ከፊቴ የተቀመጠችው ሴት በዚህ በር ገብታ ያልወጣች ሴት ናት፤ በሩን ከውስጥ የምትዘጋው ሌላ ነገር ስላልተማረች ነው። ግን ይቅርታም አላደረግሁላትም። «ውጪ» አልኳት። ስትወጣ ምንጣፉን ከመስኮቱ ገንጥዬ ጣልኩት። ሲብሊ «ብርዱ ይገድልሻል!» ብላ ጮኸች። ግድቡ ከዚህ ይታያል። ማንም አልነበረበትም፤ ውሃ ብቻ።

እንሽሽ ልልህ ነበር፤ አልዋሽህም። እስከ ቀትር ድረስ በጀልባህ ባሕር ተሻግረን ማንም የማያውቀን ከተማ ስንኖር አሰብኩ። ከዚያ ልጁ አለቀሰ። እሱን ይዤ ብሸሽ የሆልምዊክን ወራሽ ሰረቀች ተብዬ እታደናለሁ፤ ትቼው ብሸሽ ሐዊዝ ታሳድገዋለች። አግኝተው ቢፈርዱብን ደግሞ በአበልጅ ነውር የተወለዱ ልጆች ስም የላቸውም። የዚህ ክፍል በር ነገ ይከፈታል፤ መውጫ ግን የለኝም።

ሌላ ሚስት አግባ ልልህም ፈልጌ ነበር። ደግ ሴት እንዲህ ነው የምትጽፈው። እኔ ደግ አይደለሁምና አልልህም። ካገባህ ግን ሰው ሳይነግረኝ በፊት አንተው ንገረኝ፤ ገበያ ላይ ድንገት አልስማው።

አሁን በልቤ ያለውን ልንገርህና ላብቃ። ያን ዕለት እምቢ ብለህ፣ ልጄን በሞት አፍ ላይ ትተህ፣ ለእኔ ስትል ዞረህ ብትሄድ ኖሮ፣ ነገሩ ውሸት እንደነበር እንኳ ባውቅ፣ አጠገብህ ልተኛ አልችልም ነበር። በተኛሁ ቁጥር ያ ደጃፍ ይታየኝ ነበር። አንተ ግን ጓንትህን አወለቅህ። እኔን እንደምታጣ እያወቅህ «ስጪኝ» አልክ። ላገባው የምፈልገው ሰው ያ ነው፤ ያ ሰው ስለሆንክም ላገባህ አልችልም። ሐዊዝ ከዚህ የጠበቀ ቁልፍ ብትፈልግ ከየት ታመጣለች?

ነገ ፊቴን ተሸፍኜ፣ ሻማ ይዤ እዚያው የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንበረከካለሁ፤ ቄሱ እጄን ይዘው ያስገቡኛል። አንተም እንደ ደንቡ ልጁን ታቅፈህ ትቆማለህ። ይከብድሃል፤ ክንድህን አበርታ። ሐዊዝ ታየናለች፣ አገሩም ያየናል። ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ በኋላ «አንተ» የምልህ ሰው የለም። ነገ አጎንብሼ «እንደምን ሰነበቱ፣ አበልጄ» እልዎታለሁ። እርስዎም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እመቤቴ» ይበሉኝ።

አበልጅዎ፣
ፊሊፓ